የሞተር ሚኒሞ መዛባትና ምክንያቱን የመፈለጊያ ሥርዓት

አንድ መኪና ቆሞ ሳለ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ፤ ወይም ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሣ ሞተሩ ሲጠፋ፤ ወይም ደግሞ ማንም ሳይነካው ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል ሁላችንም አይተናል። ብዙ ሰው ይህን «የመኪና እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን እርጅና ስም ነው እንጂ ምክንያት አይደለም። ማናቸውም ብልሽት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም በሥርዓት ከተፈለገ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሥርዓት በአጭሩ ለማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ሞተር በመስቀለኛ መንገድ ላይ በድንገት ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ጥቂት ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ሚኒሞው ከልክ በላይ ከፍ ያለ እንደሆነ ደግሞ መኪናው ቆሞ ነዳጅ ይጨርሳል። በመኪናው እንጀራ ለሚበላ ቤተ ሰብ ይህ የየቀኑ ኪሳራ ነው። ከዚህም በቀር መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ስናስብ፤ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና በሚገባ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እንረዳለን።

ሚኒሞ ምንድን ነው?

ሚኒሞ ማለት ሞተሩ ሥራ ሳይሰጠው ሳይጠፋ የሚቆይበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር የቤት መኪኖች፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፤ በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ዙር ያህል ነው። ሒሳቡን እንሥራው። በ750 ዙር የሚሄድ ባለ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚያቃጥል፤ አራቱ በአንድነት በደቂቃ 1500 ጊዜ፤ በሴኮንድ 25 ጊዜ ያቃጥላሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲሊንደር ሥራውን ቢያቆም ሞተሩ የሚንቀጠቀጠው ስለዚህ ነው።

ነዳጅ በመርጨት ስለሚሠራ ሞተር

ቀድሞ ነዳጅንና አየርን የሚያዋሕደው ካርቡራተር ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የወጣው መርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስ ኤል ቤንዚን በሜካኒክ ፓምፕ ይረጭ ነበር። በ1967 ደግሞ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ዲ ጄትሮኒክ የተባለውን በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ መሣሪያ በቮልስዋገን 1600 ላይ አዋለ። «ዲ» የሚለው ፊደል ግፊት ከሚለው የጀርመንኛ ቃል የተወሰደ ነው፤ መሣሪያው ወደ ሞተር በሚገባው አየር ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት እየለካ ነዳጁን ስለሚመጥን ነው። በመንገዳችን ላይ በብዛት የምናያት በ1990ዎቹ የተሠራችው ቶዮታ ኮሮላ፤ ባለ 4ኤ ኤፍኢ ሞተሯ፤ የምትሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ይህ ዘዴ ለደጋ አገር ይስማማል። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ በቆላ የተስተካከለው ደጋ ሲወጣ ነዳጅ ያበዛል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ግፊትን የሚለካው ኮምፒዩተር ግን ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ነጂው ነዳጅ መስጫውን ሲለቅ የአየሩ በር ይዘጋል። ያን ጊዜ ሞተሩ የሚተነፍሰው በበሩ ጎን ባለች ጠባብ መንገድ ነው፤ በዚህችም መንገድ ላይ የሚኒሞ ቫልቭ አለ። ኮምፒዩተሩ የውሃውን ሙቀትና የሞተሩን ዙር እያየ ቫልቩን ይከፍታል፤ ይዘጋል። ከዚህ አንድ ትልቅ ሕግ እናገኛለን፤ ይኸውም የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነው የሚገባው አየር ነው፤ ነዳጁ አየሩን ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ሚኒሞው ከፍ ካለ ያልተፈለገ አየር ይገባል ማለት ነው። ዝቅ ካለ ግን ወይ አየሩ አንሷል፤ ወይም ማቃጠሉ ተጓድሏል።

ከፍና ዝቅ የሚለው ሞተርስ? በተሰነጠቀ ቱቦ አየር ሲገባ ግፊቱ ይጨምራል፤ ኮምፒዩተሩም ነዳጅ ይጨምራል፤ ዙሩ ይወጣል። በሩ ተዘግቶ ሳለ ዙሩ መውጣቱን ሲያይ ግን ኮምፒዩተሩ «መኪናው ቁልቁለት እየወረደ ነው» ብሎ ነዳጁን ያቋርጣል። ዙሩ ይወድቃል፤ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጁ ይመለሳል፤ ዙሩ እንደገና ይወጣል። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ አልተበላሸም፤ ተታልሎ ነው እንጂ።

የመፈለጊያው ተራ

ምንም ገንዘብ የማያስወጣው ይቅደም፤ ዕቃ መግዛት ይከተል።

1ኛ/ ኮምፒዩተሩን መጠየቅ። ከላይ በተጠቀሰው ዐይነት ኮሮላ ኮፈኑ ሥር አንዲት ትንሽ የመመርመሪያ ሣጥን አለች። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ከፍቶ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። በክሩስኮቱ ላይ ያለው የሞተር መብራት ሳያቋርጥ በእኩል ብልጭ ድርግም ካለ የተመዘገበ ብልሽት የለም። እየቆመ ከበራ ግን ቁጥር ይናገራል፤ ሁለት ጊዜ በርቶ፤ ጥቂት ቆይቶ፤ እንደገና ሁለት ጊዜ ቢበራ 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ማለት ነው። 31 የግፊት ሴንሰር፤ 41 የአየር በሩ ሴንሰር ነው። ሽቦው በሌላ ቀዳዳ እንዳይገባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

2ኛ/ ያልተፈቀደ አየር መፈለግ። ሞተሩን አስነሥቶ የፉጨት ድምፅ ማዳመጥ፤ ቀጥሎም የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ በቀስታ መጫን ነው። አንዱ ሲታፈን ሚኒሞው ወዲያው ከተስተካከለ ጥፋቱ በዚያ መሥመር ነው። ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ወፍራም ቱቦ አይረሳ። በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ጠብ ሲደረግ ድምፁ ቢለወጥ ውሃው እየተሳበ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ግን እሳት ያስነሣልና ፈጽሞ አይደረግም።

3ኛ/ የአየሩን በር ማጠብ። በዓመታት ውስጥ ከዘይት ትነት የሚመጣ ጥላሸት በሩንና የቫልቩን መንገድ ያጠባል። ሚኒሞ የሚያንስበትና መብራት ሲበራ ሞተር የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሞተሩ ሲበርድ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትቶ፤ ለዚሁ በተሠራ ማጠቢያ፤ በጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ነው። በሩን በካቻቢቴ መፋቅ አይገባም። ባትሪው ከተመለሰ በኋላ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ያለ ሥራ ይቆይ፤ ኮምፒዩተሩ አዲሱን ልክ የሚማረው በዚያ ጊዜ ነው።

4ኛ/ የራዲያተሩን ውሃ ማየት። በብዙ ሞተሮች ሙቅ ውሃ በአየሩ በር ሥር ያልፋል። ውሃው ከጎደለ ወይም አየር ከገባበት ሴንሰሩ ሙቀቱን በትክክል አያገኝም፤ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሚኒሞው እንደ ቀዝቃዛ ሞተር ከፍ ይላል። የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ፈጽሞ ሲበርድ ብቻ ነው።

5ኛ/ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን መለካት። ይህ በፊዚክስ ክፍል ልንሠራው የምንችል ሙከራ ነው። ሴንሰሩን ፈትቶ ጫፉን በውሃ ውስጥ ነክሮ በቴስተር ሲለካ፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2000 እስከ 3000 ኦም፤ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ያህል ሊያሳይ ይገባል። ውሃው ሲሞቅ ተቃውሞው ካልወረደ ሴንሰሩ ይዋሻል። ሴንሰሩ ፈጽሞ ካልተቋረጠ መብራቱ ላይበራ ስለሚችል፤ መብራት አለመኖሩ ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

6ኛ/ ካንዴላዎችን ማየት። አንዱ ካንዴላ ከሌሎቹ የተለየ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ያ ሲሊንደር አያቃጥልም። ከካንዴላው፤ ከገመዱ ወይም ከነዳጅ መርጫው አንዱ ጥፋት አለበት ማለት ነው።

ስለ ብሎኗ አንድ ማስጠንቀቂያ

በካርቡራተር ዘመን ሚኒሞ የሚስተካከለው አንዲት ብሎን በማዞር ነበር። ልማዱ እስከ ዛሬ አለ። ነገር ግን የአየሩን በር ደግፋ የያዘችው ብሎን በፋብሪካ የተለካች ስለሆነች መነካት የለባትም። እርሷ ስትዞር በሩ በትክክል አይዘጋም፤ ኮምፒዩተሩም ነጂው እግሩን ማንሣቱን አያውቅም። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ለሚኒሞ የተሠራች ሌላ ብሎን አለች፤ እርሷም ብትሆን የምትነካው ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። ቱቦው ተሰንጥቆ ሳለ ብሎን ማዞር በሽታን መሸፈን ነው፤ አባቶቻችንም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ።

ይህ ሁሉ በሚሠራበት ጊዜ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሣት ክልክል ነው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። የተላላ ልብስና የአንገት ልብስም ከሚዞረው ቀበቶ ይራቁ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ትምህርት የምናገኘው የመኪና ጥገና ብቻ አይደለም። በክፍል የተማርነው ግፊት፤ ሙቀትና ተቃውሞ በኮፈን ሥር በሥራ ላይ ሲውል እናያለን። ወላጆቻችንም «ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷልና ይለወጥ» ሲባሉ፤ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት «ቱቦው ታይቷል ወይ? በሩ ታጥቧል ወይ? ሴንሰሩ ተለክቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ እርሱም የሚጀምረው ከዚያው ነውና።