ለዓመታት የረሳኸውን ሊኑክስ ከማደስህ በፊት

ልጄ፣ ኡቡንቱ 18.04 የተጫነበት ላፕቶፕህ ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ መክረሙን ሰማሁ። አሁን አውጥተህ ልትሠራበት ማሰብህ መልካም ነው፤ ደኅና ዕቃ አይጣልም። ደግሞም አውቅሃለሁ፤ ሥራ አትፈራም፣ ቅደም ተከተል ግን ቶሎ ይሰለችሃል። በዚህ ሥራ ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። እንግዲህ ቁጭ በልና አንድ በአንድ ስማኝ።

1. ፋይሎችህን ሳትገለብጥ ምንም አትንካ። ፎቶህን፣ ሰነድህን፣ የትምህርት ወረቀትህን ሁሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ አውጣ። ስማቸው በነጥብ የሚጀምር የተደበቁ ፎልደሮችም አሉ፤ ብራውዘርህ የያዛቸው ፓስወርዶች ያሉት እዚያ ነውና አትርሳቸው። ከዚያ ዲስኩን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክተህ ጥቂት ፋይሎችን ክፈት። ሰው ክፉኛ ሲያዝን ያየሁት እድሳቱ ሲበላሽበት ሳይሆን፣ «ገልብጬዋለሁ» ብሎ ያስቀመጠው ፋይል አልከፈት ሲለው ነው።

2. ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክል። ላፕቶፕ ለረጅም ጊዜ ሳይበራ ሲቀመጥ ሰዓቱን የምትጠብቀው ትንሿ ባትሪ ልትሞት ትችላለች፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሣል። ኢንተርኔቱ እየሠራ ድረ ገጽ አልከፈት ይልሃል፤ የገጹ ሰርተፊኬት ጊዜው ገና ያልደረሰ ይመስለዋልና። ሶፍትዌር የሚጭንልህ አፕትም ያወረደውን ዝርዝር አልቀበልም ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ኔትወርኩን ሲወቅስ ይውላል። አንተ መጀመሪያ ቀኑን እይ።

3. ማሽንህ የሚችለውን እወቅ። ተርሚናል ከፍተህ የተጫነው ሥርዓት 32 ቢት ይሁን 64 ቢት አረጋግጥ። ኡቡንቱ 20.04 ለ32 ቢት ሥርዓት አልተዘጋጀም፤ ስለዚህ የአንተ 32 ቢት ከሆነ መንገዱ እዚህ ላይ ያበቃል። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ከሆነ ግን ተስፋ አለ፤ ከባዶ አዲስ ትጭናለህ። ይህን ሳያውቅ የጀመረ ሰው ቀኑን ሙሉ ደክሞ ማታ ላይ ግድግዳ ይገጥመዋል።

4. ቦታ አስለቅቅ። ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት አሮጌ ቅጂዎች እየተጠራቀሙ ቡት የሚባለውን ጠባብ ክፍል ይሞሉታል። «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» ብለህ የማያስፈልጉትን አስወግድ፤ የወረዱትን የመጫኛ ፋይሎች በ«ሱዶ አፕት ክሊን» አጽዳ። ሳይጀመር የሞላ ዲስክ ያናድዳል፤ መሐል መንገድ ላይ የሞላ ዲስክ ግን ኮምፒዩተሩን እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል።

5. ያለህበትን ሳትጨርስ ወደ ሌላ አትሻገር። «ሱዶ አፕት አፕዴት» የሚያመጣው ዝርዝሩን ብቻ ነው፤ የሚጭነው «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ጽፈው «አደስኩት» የሚሉ ብዙ ወጣቶች ያጋጥሙኛል። ሁለቱንም አድርግ፤ ከዚያ አጥፍተህ አብራው። ወደ ቀጣዩ እትም የሚያሻግርህ መሣሪያም የቀረ አፕዴት ካለ «መጀመሪያ እሱን ጨርስ» ብሎ ይመልስሃል።

6. እትም አትዝለል። ከ18.04 ወደ 20.04፣ ከዚያ ወደ 22.04፣ ከዚያ ወደ 24.04 ነው መንገዱ። እነዚህ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው እትሞች በየ2 ዓመቱ ይወጣሉ፤ አዘጋጆቹ የሚፈትሹት ከአንዱ ወደ ተከታዩ ያለውን መሻገሪያ ነው። የሶፍትዌሮቹ ቅንብር ከአሮጌ መልክ ወደ አዲስ የሚቀየረው በየመሻገሪያው ነውና አንዱን የዘለለ ያ ሥራ ይቀርበታል። ዴቢያንም ሕጉ ይኸው ነው። በየእትሙ ላይ ስትደርስ አጥፍተህ አብራ፤ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ የአማርኛ ኪቦርድህን ሞክር። ችግር ካለ የትኛው መሻገሪያ እንዳመጣው ታውቃለህ። ሦስቱን በአንድ ሌሊት ልጨርስ ብለህ አትጣደፍ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

7. ከመሻገርህ በፊት ከውጭ ያስገባኸውን መዝግብ። ድሮ ለአንድ ፕሮግራም ብለህ የጨመርካቸው፣ ፒፒኤ የሚባሉ የውጭ የሶፍትዌር ምንጮች ይኖራሉ፤ ስትሻገር ሥርዓቱ ራሱ ያግዳቸዋል። ስማቸውን ወረቀት ላይ ጻፍ፤ መጨረሻ ላይ ለአዲሱ እትም የተዘጋጀ ቅጂ ያላቸውን ብቻ መልስ። አብዛኞቹ ባለቤት አልባ ሆነው ታገኛቸዋለህ።

8. ከመጀመርህ በፊት ለመብራትና ለዳታ ተዘጋጅ። ያረጀ የላፕቶፕ ባትሪን አትመን፤ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት፣ ቻርጀር ሰክተህ ሥራ። አንዱ መሻገሪያ ብዙ ጊዜ ከ1 ጊጋባይት በላይ ያወርዳል፤ ሦስቱን ደምረህ ጥቅልህን አስቀድመህ ግዛ። መሐል ላይ ቢቋረጥብህ ደጋግመህ ማጥፋትና ማብራት ውስጥ አትግባ፤ ተርሚናል ከፍተህ በግማሽ የቀሩትን ፓኬጆች «ሱዶ ዲፒኬጂ ሰረዝ ኤ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር» በሚባለው ትእዛዝ አስጨርሳቸው። ኔትህ ደካማ ከሆነ ደግሞ ጥሩ መስመር ያለበት ቦታ ሄደህ የ24.04ን መጫኛ ፍላሽ ላይ አውርድ፤ 6 ጊጋባይት ገደማ ነው። ፋይሎችህ ከወጡ ከባዶ መጫን ነውር የለበትም።

9. ጥያቄ ሲመጣ ሳታነብ ኢንተር አትጫን። መሐል ላይ «የቆየውን የቅንብር ፋይል ልያዝ ወይስ በአዲሱ ልተካ?» ይልሃል። ይህን የሚጠይቀው ያን ፋይል አንድ ሰው፣ ምናልባትም ራስህ፣ ቀይሮት ስለነበረ ነው። ዲ የሚለውን ፊደል ተጫንና ልዩነቱን አይተህ ወስን።

10. እድሳቱ እስኪያልቅ ባንክህን አትክፈትበት። ለ18.04 የሚሰጠው የ5 ዓመት መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2023 አብቅቷል። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ፖልኪት በሚባለው የሊኑክስ ክፍል ውስጥ ማንኛውንም ተጠቃሚ የማሽኑ አዛዥ የሚያደርግ ቀዳዳ ይፋ ሆነ፤ ቀዳዳው ከ2009 ጀምሮ እዚያው ነበር። ጥገናው ወዲያው ወጣ፤ የደረሰው ግን ኮምፒዩተሩን ለሚያድስ ነው። ከዚያ በፊት የተቀመጠ ማሽን ቀዳዳውን እንደያዘ ነው የሚነሣው።

11. ከእንግዲህ አትራቀው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። የደኅንነት ጥገናዎች በራሳቸው እንዲጫኑ ፍቀድ፤ በሳምንት አንድ ቀን አብራውና የቀረውን አንተ ጨርስ። ከርነል ሲቀየር ዳግም ማስነሣትን አታዘግይ፤ አዲሱ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ የሚሰጥ ሰው እንዲህ ያለ ረጅም ምክር አያስፈልገውም። በል ልጄ፣ ሃርድ ዲስክህን ፈልግና ከቁጥር አንድ ጀምር።