ከጡት የተገፋው ታላቅ ልጅ

በመቱና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ቤት ለቤት ስንዞር፣ አራስ ቤት ገብተን ሕፃኑን ሳናይ ዐይናችን የሚያርፈው በር ጥግ በቆመው ታላቅ ልጅ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ጎረቤት ገንፎ ይዛ ትመጣለች፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች፤ ከዚያም ወደ ልጁ ዞር ብላ «አበቃልህ! ጡቱን ተቀማህ» ትለዋለች። ለእርሷ ጨዋታ ነው፤ ለልጁ ግን እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ ታናሹን ቢቆነጥጥ፣ ሌሊት ቢያለቅስ፣ እንደ ሕፃን ልታዘል ቢል «ክፉ ሆነ» ተብሎ ይመታል። እናቶች ሆይ፣ ልጁ ክፉ አልሆነም፤ እናቱን ያጣ መስሎት ነው።

ነገሩ ከቅናትም ያልፋል። በ1935 እ.ኤ.አ. ሲሲሊ ዊልያምስ የተባለች ሐኪም፣ ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ሰውነታቸው የሚያብጥ ሕፃናትን በሽታ ስትገልጽ የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስም ወሰደች፤ ክዋሺዮርኮር። ታናሽ ሲወለድ የተገፋውን ልጅ የሚይዝ ሕመም ማለት ነው። እኛም አገር አለ። እናት ስታረግዝ «ወተቱ ይጎዳዋል» ይባልና ጡት ሬት ተቀብቶ በአንድ ቀን ይከለከላል፤ ልጁም በጎደሬና በበቆሎ ቂጣ ብቻ ይቀራል።

የእርጉዝ ወተት መርዝ አይደለም። ጤነኛ እናት በደንብ እየበላች ማጥባት ትችላለች፤ ማስጣል ካለባትም በቀን አንድ ጊዜ እየቀነሰች ቀስ በቀስ ታስጥለው። ለልጁ የራሱ ሳህን ይኑረው፤ ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ገበታ ከቀረበ ፈጣኖቹ ይጨርሱበታል። ገንፎው ላይ የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት ጨምሩበት። ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ሁሉ ገበያ አይውጣ! ሳይበላ እጁን በሳሙና፣ ሳሙና ከታጣ በአመድ እጠቡት፤ ተቅማጥ የተገፋን ልጅ ቶሎ ይጥለዋልና።

ሆድሽ ሲገፋ ታናሽ እንደሚመጣ ንገሪው። ከወለድሽ በኋላ ጨርቅ ያቀብልሽ፤ ሕፃኑ ሲተኛም እርሱን እቀፊው። ሁለቱን ግን ብቻቸውን አትተያቸው። አያት ቤት የሚላክ ከሆነ በወለድሽበት ቀን አይሁን። አባትም ከቡና ለቀማ ሲመለስ አስቀድሞ ታላቁን ይጥራ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም።

የልጁ እግር አብጦ በጣት ሲጫኑት ከጎደጎደ፣ ፀጉሩ ከሳሳና መልኩን ከለወጠ፣ ምግብም እምቢ ካለ፣ ነገ ሳትሉ ጤና ጣቢያ አምጡት። አራስ ነኝ ብለሽ አትቅሪ፤ አባቱ ወይም አክስቱ ይዘውት ይምጡ።