ያልደረሰን ብርሃን እንዴት ይለካል?

ከሩቅ ኮከብ የሚነሣው ብርሃን ሁሉ እኛ ዘንድ አይደርስም። በከዋክብት መካከል የተበተነው ደቃቅ አቧራ ከፊሉን ይውጠዋል፣ ከፊሉን ወደ ጎን ይበትነዋል። ታዲያ የጎደለውን በምን እናውቃለን? መጀመሪያ ሲነሣ ስንት እንደ ነበረ ማወቅ ግድ ነው።

እጅግ የጋሉት ከዋክብት የሚፈለጉት ለዚህ ነው። «ኦ» እና «ቢ» የተባሉት ምድቦች የገጽ ሙቀታቸው ከ10,000 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ከሩቅ ይታያሉ፤ የተፈጥሮ ቀለማቸውም ወደ ሰማያዊ ያደላል። የአንድ ኮከብ ምድብ የሚለየው በስፔክትረሙ፣ ማለትም በቀለማት በተዘረጋው ብርሃኑ፣ ላይ በሚታዩት መስመሮች ነው፤ አቧራው ደግሞ ብርሃኑን ቢያደበዝዝም እነዚህን መስመሮች አያጠፋቸውም። ስለዚህ ምድቡን ካወቅን እውነተኛ ቀለሙን እናውቃለን።

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ። ዜታ ኦፊዩኪ የተባለውን ኮከብ ውሰዱ። በሰማያዊ ማጣሪያና በቢጫ አረንጓዴ ማጣሪያ የተለካው ብሩህነቱ በማግኒቲዩድ፣ ማለትም በከዋክብት ብሩህነት መለኪያ፣ ሲቀናነስ 0.02 ገደማ ይሆናል። በምድቡ ግን −0.30 መሆን ነበረበት። ልዩነቱ 0.32 የመቅላቱ ልክ ነው። የአቧራው ቅንጣቶች ሰማያዊውን ከቀዩ ይልቅ አብዝተው ስለሚያስቀሩ ኮከቡ ቀልቶ ይታያል። ይህን ልዩነት በ3.1 ስናባዛ የጠፋውን ጠቅላላ ብርሃን እናገኛለን፦ 1 ማግኒቲዩድ ያህል። ከብርሃኑ የደረሰን 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው።

3.1 አማካይ ቁጥር መሆኑን ልብ በሉ። ቅንጣቶቹ በሚተልቁባቸው ጥቅጥቅ ደመናዎች ውስጥ እስከ 5 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

በከዋክብት መካከል ያለው ጋዝም የራሱን ምልክት ይተዋል። በ1904 እ.ኤ.አ. ዮሐነስ ሃርትማን ዴልታ ኦሪዮኒስ የተባለውን ጥንድ ኮከብ ሲመረምር ሌሎቹ መስመሮች ከጥንዱ ዙረት ጋር ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ የካልሲየሟ መስመር አብራ አልተንቀሳቀሰችም። መስመሯ የኮከቡ ሳትሆን በመካከል ያለ ጋዝ ያሳረፋት ናት ብሎ ደመደመ፤ በእኔ ዘንድ ከሥነ ፈለክ ውብ ድምዳሜዎች አንዱ ነው። አቧራው ሩቅ የኮከብ ክምችቶችን እንደሚያደበዝዝ ሮበርት ትረምፕለር ያሳየው ግን በ1930 እ.ኤ.አ. ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የ1 ማግኒቲዩድ ጉድለት ሳይቆጠር ቢቀር ኮከቡ ካለበት በ1.6 እጥፍ ርቆ ይሰላል። እንግዲህ በብሩህነቱ የተሰላ የኮከብ ርቀት ስታነቡ፣ የአቧራው ድርሻ ተቆጥሮ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።