ሆድ በሁለት ጊዜ ስለሚጠገንበት ምክንያት

ቡአ የሚባለውን ደዌ በስሙ የማያውቅ ሰው በአገራችን ጥቂት ነው። ነገር ግን የሚያውቀው ሁሉ ስለርሱ ለመናገር ያፍራል፤ በሽተኛውም እብጠቱን በጋቢው ሸፍኖ ይኖራል። ስለዚህ በሥነ ሕይወት ትምህርት ከተማርነውና ከዚያም በኋላ ካነበብሁት ጥቂቱን ለጓደኞቼና ለወላጆቻችን ለመጻፍ አሰብሁ።

የሆዳችን ግድግዳ በጡንቻና በጠንካራ ሽፋን የተሠራ ስለ ሆነ እህል እንደ ሞላበት አቁማዳ ልንመስለው እንችላለን። አቁማዳው በስፌቱ በኩል የሳሳ እንደ ሆነ እህሉ ወደ ውጭ ይገፋል። በሰውም ዘንድ የሚሳሳው ስፍራ ብሽሽት፣ እምብርት፣ ወይም ቀድሞ በቀዶ ጥገና ተከፍቶ የነበረ ጠባሳ ነው። ሰውየው ሲያስል ወይም ሸክም ሲያነሣ አንጀቱ በቀዳዳው ይወጣል፤ ሲጋደም ይመለሳል።

የሚያስፈራው የወጣው አንጀት በጠባቡ ቀዳዳ ታንቆ የቀረ እንደ ሆነ ነው። ጣታችንን በክር አጥብቀን ብናስረው ምን እንደሚሆን ሁላችን እናውቃለን። አንጀትም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያ ደም መልሱ ይዘጋና አንጀቱ ያብጣል፤ እብጠቱ ደግሞ ማነቆውን ያጠብቀዋል፤ በመጨረሻም ደም ቅዳው ይዘጋና አንጀቱ ይሞታል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ሊፈጸም ይችላል። የሞተው አንጀት ሲበሳ በውስጡ የነበረው ቆሻሻና ባክቴሪያ በሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ መርዙም በደም አማካይነት ልብንና ኩላሊትን ያደክማል። እንግዲህ ይመለስ የነበረው እብጠት በድንገት ጠጥሮ አልመለስ ካለ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ማስመለስ ከመጣ፣ አየርና ዓይነ ምድርም ከተከለከለ፣ በሽተኛው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። እብጠቱን በግድ ገፍቶ መመለስ አደገኛ ነው፤ የሞተው አንጀት ከነመርዙ ወደ ውስጥ ይገባልና።

በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ በቀድሞ ጠባሳቸው ላይ የወጣ ቡአ ለብዙ ዓመታት ነበረባቸው። አንድ ሌሊት ታነቀባቸው። ሐኪሞቹ ሆዳቸውን ከፍተው የሞተውን አንጀት ቆርጠው አወጡ፤ ሆዱንም አጥበው ሳይሰፉ በጊዜያዊ ሽፋን ብቻ ሸፈኑት። ከሁለት ቀን በኋላ እንደ ገና ገልጠው አጠቡት። በመጨረሻ ከጭናቸው ቆዳ ወስደው በአንጀቱ ላይ አለበሱትና ግድግዳውን ሳይጠግኑ ወደ ቤታቸው ሰደዷቸው። ሽማግሌው ድነዋል፤ ሆዳቸው ግን ከቀድሞው ይልቅ ተነፍቶ ይታይ ነበር። ቤተ ሰቦቻቸውም «ሐኪሙ ሥራውን ሳይጨርስ ተወው» እያሉ ያዝኑ ነበር። እኔም ነገሩን እንድመረምር ያደረገኝ ይህ ቅሬታ ነው።

መልሱ የሚገኘው በሥራው ቅደም ተከተል ላይ ነው። መርዙ በሰውነት ውስጥ ሳለ ገዳዩ ቀዳዳው አይደለም፤ መርዙ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በመጀመሪያ በደም ሥር ፈሳሽና ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይሰጣል፤ በሽተኛው በመርዙ ምክንያት የደም ግፊቱ የወረደ እንደ ሆነ መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት የዛሬ ሐኪሞች ይስማማሉ። ነገር ግን ደም የማይደርስበትን የሞተ ሥጋ መድኃኒትም አይደርስበትም፤ ስለዚህ ቢላዋ የግድ ያስፈልጋል። ያበጠውን ሆድ በግድ ስቦ መስፋት ደግሞ አንጀትንና ኩላሊትን ያፍናል፤ ስፌቱም በመግል ይበሰብሳል።

ይህን ነገር በገዛ አካሉ የተማረ አንድ ሰው ነበረ። ኤዶአርዶ ባሲኒ በኢጣልያ በፓቪያ ከተማ የሕክምና ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ከጋሪባልዲ ወገኖች ጋር ዘምቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1867 በሮም አጠገብ በቪላ ግሎሪ በብሽሽቱ ላይ በሳንጃ ተወጋ። አንጀቱ ስለ ተበሳ ዓይነ ምድሩ በቁስሉ በኩል ይወጣ ነበር፤ ቢሆንም ብዙ ተሠቃይቶ ዳነ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ከባክቴሪያ መጠበቅ እንደሚቻል የጻፈው በዚያው ዓመት መሆኑ የሚያስገርም ነው። ባሲኒ በኋላ የሊስተርን ጥበብ ተምሮ በፓዶቫ መምህር ሆነ፤ በ1887ም የብሽሽትን ቡአ ግድግዳውን በድርብ ሰፍቶ የመጠገኛውን ዘዴ ለጓደኞቹ አስታወቀ። የተወጋበት ስፍራና ስሙን ያስጠራው ስፍራ አንድ ብሽሽት ነው!

በስፌት ብቻ የሚጠገን ሰፊ ቀዳዳ ግን አንድ ችግር አለው። የአቁማዳው ቀዳዳ ሰፊ ሲሆን ጠርዙን ከጠርዙ ስበን ብንሰፋው እንደ ገና ይተረተራል፤ እራፊ ብንጥፍበት ግን ይጸናል። አሜሪካዊው ሐኪም ፍራንሲስ አሸር ከ1958 ጀምሮ ከፕላስቲክ ክር የተሠራ መረብ ለዚህ ሥራ አዋለ። መረቡ ታላቅ በረከት ቢሆንም ከቆሸሸ ሆድ ጋር አይስማማም። ባክቴሪያ በክሩ ላይ ተጣብቆ የሚያዳልጥ ሽፋን ይሠራል፤ መድኃኒትም በደንብ አይገባበትም። አንዳንድ ጊዜ መረቡን ነቅሎ ከማውጣት በቀር ሌላ መፍትሔ አይገኝም። በጥቂቱ በቆሸሸ ሆድ ላይ ስለ መጠቀሙ ሐኪሞች ገና ይከራከራሉ፤ መግል በሞላበት ሆድ ውስጥ ግን አብዛኞቹ አያስገቡትም። የሰፈራችን ሰዎች «ተወው» ያሉት እንግዲህ መቆየት የሚገባው ሥራ ነበረ።

ሁለተኛው ሥራ የሚመጣው ቁስሉ ደርቆ በሽተኛው ሥጋ ካበጀ በኋላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይጠበቃል። እስከዚያው ትንባሆ የሚያጤስ እንዲተው፣ የስኳር በሽታ ያለበትም እንዲቆጣጠረው ይነገረዋል። ያን ጊዜ የግድግዳው ጠርዞች ተራርቀው ስለሚገኙ ሌላ ብልሃት ያስፈልጋል። ኦስካር ራሚሬዝና ባልደረቦቹ በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ በሆድ ጎን ያለው የውጭው ጡንቻ ሽፋን ከላይ እስከ ታች ቢቀደድ መካከለኛው ጡንቻ በወገብ ትይዩ በየጎኑ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ድረስ ወደ መሐል ሊሳብ ይችላል። ከዚያ በኋላ ንጹሕ በሆነው ስፍራ መረቡ ይነጠፋል።

ጊዜው መድረሱን ሐኪሙ የሚለይበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። በአንጀቱ ላይ የበቀለውን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ያነሣዋል፤ ቆዳው ከአንጀቱ ጋር ተጣብቆ እንቢ ካለ በሽተኛውን መልሶ ይሰደዋል፤ ለብቻው ተላቅቆ ከተነሣ ግን ቀን ይቆርጥለታል።