ጉልበቱን ተይው፣ ስለቱን አውጪው

እስቲ ቆይ እህቴ፣ ቢላውን አስቀምጪው። ሽንኩርቱን እየጨፈለቅሽው እንጂ እየቆረጥሽው አይደለም፤ ዓይንሽም እንዲህ የሚያነባው ለዚሁ ነው። የደነዘ ቢላ ጉልበት ይጠይቃል፤ በጉልበት ሲገፋ ያዳልጥና ጣት ላይ ያርፋል። ስለዚህ «ስል ቢላ እፈራለሁ» አትበይኝ፤ የሚፈራስ ዶልዱሙ ነው።

መሳያ ድንጋዩን አምጪ። 1000 ቁጥር ያለውን ወገን ወደ ላይ አድርጊ፣ ውሃ አርከፍክፊበት፤ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፊ። ቢላውን በስለቱ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፤ 90 ዲግሪ ነው። ግማሹን አጋድሚው፣ 45 ሆነ። እንደገና ግማሹን፣ 22 አካባቢ ነው። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ስትዪ 20 ታገኛለሽ፤ ለዚህ ቢላ ይበቃዋል። ቀጭንና ጠንካራ የሆነው የጃፓን ቢላ ግን ወደ 15 ይወርዳል። አሁን ሳትጫኚ ግፊ፣ መልሺ። ያጋደልሽበት ልክ አይለዋወጥ፤ ሙያው እሱ ነው።

መቼ ይበቃል? ጣትሽን በሌላኛው ጎን፣ ከቢላው ጀርባ ወደ ስለቱ በስሱ አውጪው፤ ስለቱን ተከትለሽ ግን አትሂጂ። ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ሻካራ ነገር ጣትሽን ከያዘው፣ ብረቱ ተስሎ ወደዚያ ወጥቷል ማለት ነው። ያኔ ገልብጪው። ብዙ ሰው «አልሳል አለኝ» የሚለው ይህን ሳያገኝ እየገለበጠ ነው። በመጨረሻ ግራና ቀኙን እያፈራረቅሽ ሻካራውን አንሺለት።

በሚሽከረከር ሞረድ ደረቁን አታስስዪው። ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ ቢሳልም ቶሎ ይደነዝዛል። የሴራሚኩን ቢላ ወደዚህ ድንጋይ አታቅርቢው፤ በአልማዝ መሳያ ነው የሚሳለው፣ አጥንት ከነካም ይሸረፋል። ስቴንለሱን ክሮሚየሙ ከዝገት ይከላከልለታል፤ የእማዬ ካራ ግን ተራ ብረት ስለሆነ እንደታጠበ ይድረቅ። ሳህን ላይም አትቁረጪ፤ መክተፊያሽ እንጨት ይሁን።

ይህን ሁሉ ለበዓል ዋዜማ አታቆዪው፣ በጥድፊያ እጅ አይረጋም። ዶሮ ስትበልቺም 12ቱን ብልት መገጣጠሚያውን እየፈለግሽ አውጪ እንጂ አጥንቱን አትምቺ።

በይ ቲማቲም አንሺና ሞክሪው። ሳትጫኚው ልጣጩን ከገባ ተስሏል፤ እንግዲህ የፋሲካን ዶሮ የምትበልቺው አንቺ ነሽ፣ እኔ ቁሌቱን አማስላለሁ።