ርካሽ ጠመንጃና ብልህ ገዢ
ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የሚሆን ትምህርት

ዕቃ የሚገዛ ሰው የመግዣውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዕቃው የሚያስከትለውንም ወጪ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። ለዚህም ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ያደረጉት የጠመንጃ ግዥ መልካም ምሳሌ ነው።

ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ 2,000 የሚጠጉ አሮጌ ባለካፕሱል ጠመንጃዎች አስጭኖ ሸዋ ገባ። በታጁራ አንድ ዓመት ያህል በመዘግየቱ ወጪው በዝቶ ነበር። ንጉሡ ግን ዋጋውን አጥብቀው ቀነሱ፤ የሟች ሸሪኩም ዕዳ ተጨመረበት፤ ነጋዴው ያሰበውን ትርፍ አላገኘም።

በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጅግራ ግን ሌላ ነው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ስምንት ጥይት የሚጎርሰውን ለበል ስለ ያዘች፣ ውጅግራ ከሠራዊቷ እየወጣ ለገበያ ቀረበ። አንድ በአንድ የሚጎርስ ቢሆንም ባለ ቀለህ ጥይቱ ከባለካፕሱሉ ይልቅ ተኩሱን ያፋጥነዋል። ጥይቱም በአገሩ ተስፋፍቶ በየገበያው እንደ ገንዘብ እስከ መመንዘር ደረሰ። ዒላማ መምታት በልምምድ የሚገኝ ስለሆነ፣ ጥይቱ የማይገኝ ጠመንጃ ምንም ቢፈጥን ለባለቤቱ ዱላ ነው። ውጅግራ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱ ነበር።

እንግዲህ ለጉደር አትክልት አልሚ የውኃ መሳቢያ ሞተር የሚያቀርብ ባለሱቅ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መለዋወጫው በቅርብ ይገኛልን? ዓይነቱ በአካባቢው ከተለመደው ጋር ይስማማልን? ዕቃው እስኪደርስስ ጊዜው አያልፍበትምን? ዋጋ የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው።