አምስቱን ሩጫ አሸንፎ ሦስተኛ ስለ ወጣው ሰው

አንድ ተወዳዳሪ በአንድ ምሽት የተሰለፈበትን ሩጫ ሁሉ አንደኛ ሆኖ ፈጽሞ፣ ስሙ በውጤቱ ሰንጠረዥ ላይ በሦስተኛ ደረጃ ቢጻፍ ትክክል ነውን? ይህ ለሒሳብ ተማሪ የተፈጠረ እንቆቅልሽ ሳይሆን በእንግሊዝ አገር በ1936 በእርግጥ የተፈጸመ ነገር ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዓመቱን ለማስታወስ የሚፈልግ አንባቢ ግን አዲስ አበባ በጠላት እጅ የወደቀችበት ዓመት መሆኑን ቢያስብ ይበቃዋል። ጥያቄውን ለመመርመር በቅድሚያ ስፒድዌይ ምን እንደ ሆነና ነጥቡ እንዴት እንደሚቈጠር ማወቅ ያስፈልጋል።

ስፒድዌይ የሞተር ብስክሌት እሽቅድድም ነው። ሜዳው ሞላላ ነው፤ በዚያ ዘመን መሬቱ በአብዛኛው ከተቃጠለ ከሰል የተረፈ ጥቁር ጠጠር የተነጠፈበት ነበር። አራት ነጂዎች አንድነት ተነሥተው ሁልጊዜ ወደ ግራ እየታጠፉ አራት ጊዜ ይዞራሉ። አንዱ ሩጫ ከአንድ ደቂቃ ጥቂት በለጥ ብሎ ያልቃል። ሰውን የሚያስገርመው ግን ሞተር ብስክሌቱ ፍሬን የሌለው መሆኑ ነው፤ ማርሽም አይቀያየርበትም። ነጂው ከማጠፊያው ሲደርስ ሆን ብሎ የኋላውን ጎማ ያንሸራትታል፤ የግራ እግሩን መሬት ያስነካና መሪውን ወደ ቀኝ እያዞረ እሱ ራሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ፍሬን የሌለው ለጀግንነት መታያ ብቻ አይደለም፤ ፊት ያለው ሰው በድንገት ቢቆም ኋላ ያሉት እላዩ ላይ ይወጡበታልና ነው። ይህም ሆኖ አደጋው አልቀረም። የኒው ክሮሱ ዝነኛ ነጂ ቶም ፋርንደን በነሐሴ 1935 በገዛ ቡድኑ ሜዳ ላይ ወድቆ ከሁለት ቀን በኋላ ሞቷል።

ጨዋታው ወደ እንግሊዝ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1928 ከለንደን ወጣ ብሎ ሃይ ቢች በተባለ ጫካማ ስፍራ በተደረገው ውድድር ላይ አዘጋጆቹ ከጠበቁት እጅግ የበለጠ ሕዝብ ጐረፈ። በሚቀጥለው ዓመት የቡድን ሊግ ተቋቋመ፤ በ1932 ደግሞ ናሽናል ሊግ የሚባለው ተመሠረተ። ብዙዎቹ ቡድኖች ለውሻ እሽቅድድም በተሠሩ ስታዲየሞች ስለሚወዳደሩ አዲስ ሜዳ ለመሥራት ብዙ አልደከሙም። ሠራተኛው ሕዝብ ከሥራ ሲወጣ በመብራት የሚያየው ትርኢት ስለ ሆነም ገበያው ደራ።

አሁን ወደ ነጥቡ እንምጣ። በሊግ ግጥሚያ በእያንዳንዱ ሩጫ ከአንዱ ቡድን ሁለት፣ ከሌላውም ሁለት ነጂዎች ይሰለፋሉ። አንደኛ ሦስት፣ ሁለተኛ ሁለት፣ ሦስተኛ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁሉም ከፈጸሙ የአንድ ሩጫ ነጥብ ድምር ስድስት ነው ማለት ነው። እንግዲህ ይህን ልብ ይሏል፤ አንድ ጎበዝ ብቻውን ወደ ፊት ተፈትልኮ ቢያሸንፍና የቡድን ጓደኛው መጨረሻ ቢቀር፣ ውጤቱ ሦስት ለሦስት ይሆናል። ጎበዙ አሸነፈ፤ ቡድኑ ግን ምንም አላተረፈም። ትርፉ ያለው አምስት ለአንድ በመውጣት ላይ ነው። ስለዚህ ብልህ የሆነ ነጂ ሲመራ ኋላውን ይመለከታል፤ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ጓደኛውን ይጠብቃል፤ ከዚያም አንዱ የውስጡን መስመር፣ ሌላው የውጭውን ይዘው ተፎካካሪዎቹን መንገድ ያሳጧቸዋል። በእኔ አስተያየት ከስፒድዌይ ሁሉ የተማረ ሰው ሊያደንቀው የሚገባው ይህ ነው። ከፍጥነት ይልቅ ፍጥነትን መስጠት ይጠይቃልና።

በ1936 ናሽናል ሊግ ውስጥ ሰባት ቡድኖች ነበሩ። ስድስቱ የለንደን ናቸው፦ ዌምብሌይ፣ ሀሪንጌይ፣ ሀክኒ ዊክ፣ ዌስት ሃም፣ ኒው ክሮስና ዊምብልደን። ሰባተኛው ብቻውን ከሰሜን የመጣው፣ በማንቸስተር ከተማ በአራዊት መናፈሻ ቅጥር ውስጥ ሜዳ የነበረው ቤል ቪዩ ነው። እነዚያ ስድስት የዋና ከተማ ቡድኖች ይህን አንድ የገጠር እንግዳ ሊበግሩት አልቻሉም። ቤል ቪዩ በ1933 የጀመረውን ድል ቀጥሎ በዚያ ዓመት ሊጉን ለአራተኛ ጊዜ በተከታታይ ወሰደ።

በዚያው ዓመት ግን አዲስ ነገር ተጨመረ። እስከ 1935 ድረስ ለግል ነጂዎች ይደረግ የነበረው የስታር ጋዜጣ ሻምፒዮና ቀርቶ የዓለም ሻምፒዮና ተተካ። በበጋው ማጣሪያ ተደርጎ የተመረጡ 16 ነጂዎች በሴፕቴምበር 10 ቀን፣ ማለት በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በዌምብሌይ ስታዲየም ተገናኙ። አደላደሉ በጣም የሚያምር ነው፦ 20 ሩጫ፣ በየሩጫው አራት ሰው። እያንዳንዱ አምስት ጊዜ ይሰለፋል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ከሦስት ሰዎች ጋር ስለሚገናኝ አሥራ አምስቱን ተፎካካሪዎች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ይገጥማል። ከፍተኛው ነጥብ 15 ነው።

የዌስት ሃሙ አውስትራሊያዊ አርተር ዊልኪንሰን 15 አገኘ። (ጠጕሩ ቀይ ስለ ነበረ ብሉዪ፣ ማለት ሰማያዊው ይሉታል፤ በአውስትራሊያ ቀዩን ሰው እንዲህ ብሎ መጥራት የተለመደ ቀልድ ነው።) የዌምብሌዩ ላዮነል ቫን ፕራግ፣ እሱም አውስትራሊያዊ፣ 14 አገኘ። የቤል ቪዩው እንግሊዛዊ ኤሪክ ላንግተን 13 አገኘ። ሰንጠረዡን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ሩጫውን ሳያይ ብዙ ነገር ሊያውቅ ይችላል። ዊልኪንሰን ሁሉን አሸንፏል። ቫን ፕራግ የቀረበት አንድ ነጥብ ብቻ ነውና የተሸነፈው በዊልኪንሰን ብቻ ነው። ስለዚህ ላንግተን በዊልኪንሰንም በቫን ፕራግም ተቀድሟል ማለት ነው።

ነገር ግን ደንቡ በማጣሪያው የተገኘ ተጨማሪ ነጥብ አብሮ እንዲደመር ያዝ ነበር። ላንግተን 13፣ ቫን ፕራግ 12፣ ዊልኪንሰን 10 ይዘው ነበር የመጡት። ሲደመር ቫን ፕራግና ላንግተን እኩል 26 ሆኑ፤ ዊልኪንሰን በ25 ከውድድሩ ወጣ። ሁለቱ እኩል የሆኑት ብቻቸውን እንደ ገና ተሰለፉ። ላንግተን ከመነሻው በፊት የተዘረጋውን ገመድ በጠሰ፤ በደንቡ መሠረት መውጣት ይገባው ነበር፤ ቫን ፕራግ ግን በዚህ ዓይነት ማሸነፍን ስላልፈለገ ሩጫው እንደ ገና ተጀመረ። ላንግተን እየመራ መጥቶ በመጨረሻው ማጠፊያ ላይ ቫን ፕራግ ሾልኮ ቀደመውና የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ለደንቡ የሚከራከሩ ሰዎች የሚሉት ከንቱ አይደለም። በአንድ ምሽት ካንዴላ ሊበላሽ፣ ጎማ ሊንሸራተት ይችላል፤ የበጋው ሁሉ ሥራ በአንድ ሌሊት ዕድል አይመዘንም፤ ሊጉም የሚዳኘው በዘመኑ ሙሉ ድምር ነው። ከዚህም በላይ ፍጻሜው የሚደረገው በዌምብሌይ፣ ማለት በቫን ፕራግ የቤት ሜዳ ስለ ሆነ ምሽቱ ብቻውን ፍጹም ሚዛን አይሆንም።

ዳሩ ግን ማጣሪያው ሥራውን የፈጸመው አሥራ ስድስቱን በመምረጡ ነው። የማትሪክ ውጤት ኮሌጅ ያስገባል እንጂ በኮሌጅ ማርክ ላይ አይደመርም። የቤት ሜዳውም ነገር ለዊልኪንሰን የሚያደላ ክርክር ነው፤ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ባለቤቱን በገዛ ሜዳው ቀድሞታልና። ትልቁ ጉድለት ደግሞ መጠኑ ነው። ምሽቱ በሙሉ ቢበዛ 15 ነጥብ የሚያስገኝ ሲሆን ላንግተን ገና ሳይነሣ 13 ይዞ ነበር። ተጨማሪው ነጥብ በግማሽ ቢቈጠር ኖሮ ዊልኪንሰን 20፣ ቫን ፕራግ 20፣ ላንግተን 19 ከግማሽ ይሆኑ ነበር። ያን ጊዜ እንደ ገና የሚገናኙት ቫን ፕራግና ዊልኪንሰን ይሆኑ ነበር፤ መደረግ የነበረበትም ሩጫ ያ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውም የሊግና የግል ድል የተለያዩ መሆናቸውን ያሳያል። በ1937 ሊጉን ዌስት ሃም ሲወስድ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የኒው ክሮሱ አሜሪካዊ ጃክ ሚልን ነው። በ1938 ተገለበጠ፤ ሊጉን ኒው ክሮስ ወሰደ፣ የዓለም ሻምፒዮናውን ዊልኪንሰን። ባለፈው ቀን ወድቆ ትከሻው ተጐድቶ ስለ ነበረ የተወዳደረው ታስሮለት ነው። የ1939ኙ ፍጻሜ ሊደረግ የታሰበው ጦርነቱ በታወጀበት ሳምንት ስለ ነበረ ቀረ፤ ሊጉም ቤል ቪዩ እየመራ ሳለ ተቋረጠ። ዊልኪንሰን በ1940 በሲድኒ መንገድ ላይ በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። ቫን ፕራግ በአየር ኃይል ሲያገለግል አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ተመትቶ ወድቆ የቈሰሉ ጓደኞቹን ደግፎ በመዋኘቱ የጆርጅ ሜዳልያ ተሸለመ። የዓለም ሻምፒዮናው በ1949 እንደ ገና ሲጀመር ተጨማሪ ነጥብ የሚባለው አልተመለሰም፤ የዌምብሌዩ ቶሚ ፕራይስ አምስቱን ሩጫ አሸንፎ፣ በ15 ነጥብ አንደኛ ወጣ።